ያልተመነጠረው አጋም

እህቴ ሙሉእመቤት ብልጠት አይሆንላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ነግሬአታለሁ።

ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ላይ፣ ቀበሌው የችግኝ ዘመቻ አስለፈፈ። ጠዋት ሁሉም ሰው ገጀራ ይዞ ከቁስቋም በላይ ወዳለው ተዳፋት ይውጣ፤ የቀረ የቀበሌ ስኳር አያምረው ተባለ። የተለፈፈው ሰዓት እላፊ ሊገባ ሲል ነው። ሙሉእመቤት ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ ስትሮጥ እጇን ይዤ አስቀረኋት። ልጇ ዓምሃ እዚያ ተዳፋት ላይ ተደብቆ ነበር። ጓደኞቹ ሲለቀሙ ከቤት ከወጣ ወር አልፎታል፤ እሷ ጦስኝ ልለቅም ነው እያለች ምግብ ታደርስለታለች።

ቦታው ጫካ አይባልም። ያረጁ የሐበሻ ጥዶች ተራርቀው ቆመዋል፣ በመሐላቸው ፀሐይ እንደ ልቧ ትገባለች፣ ሥራቸው ሣርና ጦስኝ ነው። ሰው ከሩቅ ይታያል። መደበቂያው አለፍ አለፍ ብሎ የበቀለው ቀጋና አጋም ብቻ ነው፤ ዘመቻውን የሚመራው ካድሬ እንድንመነጥር ያዘዘን ደግሞ እሱኑ ነው። በምትኩ የፈረንጅ ጥድ በመስመር ልንተክል! ካድሬው ከሌላ ከፍተኛ የመጣ ስለሆነ ማናችንንም አያውቅም።

ሙሉእመቤት ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ቀድማ ዓምሃ የተደበቀበት አጋም ያለበትን ድርሻ ያዘች። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ ግን እንዳትጠረጠር ብላ እንደ እብድ ትሠራ ጀመር። ቀጋውን ጨረሰች፣ ክትክታውን ጨረሰች። እኩለ ቀን ላይ ቀና ብዬ ሳይ ክው አልኩ። ተዳፋቱ በሙሉ ተላጭቶ አንድ አጋም ብቻውን ቆሟል።

ካድሬው መጣ።

«እማማ፣ ይቺን ለማን ተዉዋት?»

«እሾሁ ወጋኝ ልጄ... ነገ እጨርሰዋለሁ።»

«ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?» ብሎ ገጀራዋን ተቀበላት።

ዓምሃ ሳይደርሱበት ራሱ ወጣ። እናቱን ቀና ብሎ አላያትም።

«ይሄን ልጅ የሚያውቀው አለ?»

ክርስትናው ላይ የበላ የቀጨኔ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ካድሬው ወደ እሷ ዞረ።

«እርስዎስ?»

«አላውቀውም።»

ምን ትበል? ልጄ ነው ብትል ሁለቱንም ይወስዷቸው ነበር፤ እኔንም ጨምሮ። እሱን ወሰዱት፣ እኛም ችግኙን ተክለን ወደ ቤት ገባን።

በማግስቱ የታሰረበትን ቦታ አንድ ሰው ሹክ አለን። ሙሉእመቤት ፍርፍር ሠርታ በሳህን አድርጋ በጨርቅ ቋጠረች። በሩ ላይ ቆምኩባት።

«እዚያ ስትደርሺ ማን ነኝ ልትዪ ነው?»

«እናቱ...» ብላ አቋረጠችው። «ጎረቤት ነኝ ብልስ?»

«ጎረቤትም ያውቀዋል። አንቺ ትናንት አላውቀውም ብለሻል።»

ቋጠሮውን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቁጭ አለች። እኔም ለቅሶዋ ውጭ እንዳይሰማ በሩን ዘጋሁት።