ዝናቡ ካለፈ የመጣ ብድር

ጎረቤቴ አጉቲ ለለውዝ ዘር መግዣ ብድር የጠየቀችው የነሐሴው ዝናብ ገና ሳይጥል ነበር። የልማት ባንኩ ሠራተኛ ኦጃንጎሌ ሞተር ብስክሌቱን ግቢዋ ካለው ማንጎ ሥር አቁሞ፣ «መሬቱ ሳይርስ እጅዎ ይገባል» ብሎ ማለላት።

ዝናቡ ጣለ። ሁላችንም ዘራን፣ አረምን። አጉቲ ግን ባዶ ማሳዋን እያየች ትብሰለሰላለች። ሶሮቲ ከተማ ወዳለው ባንክ በሄደች ቁጥር «ብድርዎ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው» ይሏታል።

ገንዘቡ የተለቀቀው ታኅሣሥ ላይ፣ እኛ ለውዛችንን ነቅለን ስናሰጣ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኦጃንጎሌ ሊቆጣጠር ከተፍ አለ።

«እማማ፣ ማሳው ለምን ጦሙን አደረ? ገንዘቡ እኮ ለዘር ነው።»

«ልጄ፣ ፀሐዩን አታይም? የት ልዝራው፣ አናትህ ላይ?»

እንደ ልማዱ ማንጎው ጥላ ሥር የተጋደመው ባሏ ኦሉፖት ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ።

«ካልተዘራ ከዓላማ ውጭ ዋለ ይባላል። መመሪያ ነው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! መመሪያችሁ ዝናብ ያዘንባል?»

«እኔ አላወጣሁት፣ እማማ።»

«እንግዲያው ያወጣውን አምጣልኝ!»

በማግስቱ ገንዘቡን በመቀነቷ ቋጥራ ለባንኩ ልትመልስ ሄደች፤ እኔም አብሬያት። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ ያለጊዜው የሚመልስ ቅጣት እንደሚከፍል ነገረችን።  አጉቲ ሄዳ የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች። ሰውየው ምሳ ሊበላ ሲወጣ መተላለፊያ አጣ።

«ምን ላድርግልዎ፣ እናቴ?»

«ወይ ውሰዱት፣ ወይ እስከ መጋቢት ዝናብ ታገሡኝ።»

ሰውየው ቆሞ አሰበ፤ ሆዱም ሳይጮህበት አልቀረም። «እሺ፣ መጋቢት ይዝሩ። ወለዱ ግን መቁጠሩን አያቆምም።»

«ሳይዘራ የሚያፈራው የእናንተ ወለድ ብቻ ነው!» ብላ ተነሣች።

መጋቢት ላይ ዘራች። ለውዙ አማረ፤ ዕዳዋንም ከፈለች። ግን ትርፉን ወለዱ በላውና ያ ሁሉ ልፋት ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ እንኳ ሳይበቃ ቀረ።

ለውዙን ስንነቅል ኦጃንጎሌ ፎቶ ማንሻ አንግቦ መጣ። በባንኩ የተጠቀሙ ገበሬዎችን ሊያሳይ ኖሯል።

«እማማ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ!»

«ሂድልኝ ከፊቴ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ሲቸግረው፣ ሲዘራም ሲታረምም ከማንጎው ጥላ ያልተነሣውን ባሏን ኦሉፖትን አስነሥቶ፣ የለውዝ ነዶ አስይዞ ፎቶ አነሣው።