ያልበራው ቦታ

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠራረገና ዛሬ ቁርስ እንደማይበላ ለቤተሰቡ በይፋ አስታወቀ። ሚስቱና ሴት ልጁም ወዲያው እነሱም እንዳልራባቸው ተናገሩ።

«ለአንድ ሰው የጨጓራ ምርመራ ቤቱ ሁሉ ይጾማል እንዴ?» አላቸው።

«ጨጓራ ምን አላት አባዬ፣ ቀላል ነች» አለች ልጁ፣ ዓይኑን ላለማየት እየተጠነቀቀች። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሰንብቷል። ሚስቱ በአምፖሉ ታሳብባለች።

እሱ ግን ምርመራው የጨጓራ እንዳልሆነ ያውቃል። ባለፈው ቀጠሮ መጸዳጃ ቤት ልሂድ ብሎ ወጥቶ ነርሷን ጠይቋት ነበር። በደም ሥር ቀለም ይሰጡታል፤ ከዚያ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብተው የሐሞት መተላለፊያውን በልዩ ብርሃን ያያሉ። ካንሰር ካለ ቦታው ያበራል። ይህን ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም፤ ልቧ አይችለውም ብሎ ነው።

ከምርመራው በኋላ፣ ልብስ ሰፊውን ማደንዘዣው ገና ሳይለቀው፣ ሚስቱና ልጁ አልጋው አጠገብ ቆመው ሳለ፣ ሐኪሙ በበሩ ብቅ አለ።

«ምንም የበራ ነገር የለም» አለ። «መተላለፊያውን የዘጋው ጠጠር ነው፤ አውጥተነዋል። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ምን ነበር የሚበራው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ልጁ ግድግዳውን ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

«ለጨጓራ ይህን ያህል?» አለ ልብስ ሰፊው፣ በተሳሰረ ምላሱ።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«አንተስ ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

ጉንጩን ቢዳስሰው ርሷል። መጀመሪያ የሳቀችው ልጁ ነች።