የጋሽ ጎሹ እህት ልጅ

ጋሽ ጎሹ ዲላ ውስጥ ቆርቆሮና ምስማር ሲቸረችር ያረጀ ሰው ነው፤ ስስቱ ግን አላረጀም። ከሱቁ የተራረፈ ቆርቆሮ ሲበዛበት ጓሮው ውስጥ፣ ከአጥሩ ጋር አጣብቆ አንዲት ክፍል ለጠፈ። እዚያ ቦታ ላይ መኖሪያ ስለማይፈቀድ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «ማድቤት ልሠራ ነው» ብሎ ፈቃድ አወጣ። ይህንን ለሀዲጃ የነገራት ራሱ ነው፣ እየሳቀ። ጭስ ገብቶባት የማታውቀውን ማድቤት ያከራየው ለእሷ ነበርና።

ሀዲጃ ከወራቤ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። አልጋዋ ከገባ ወዲህ በሩ ከግማሽ በላይ አይከፈትም። ለዚህ ጉድ ነው በየወሩ የምትከፍለው፣ ያውም ያለ ደረሰኝ። ሰውዬውን ከልቧ ንቃዋለች፤ ግን ልትመረቅ ነው፣ በአቅሟ ሌላ ክፍል ደግሞ የለም። ንቀቷን ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች።

አንድ ቀን ሃሌሉያ የምትባል የገቢዎች ሠራተኛ የኪራይ ቤቶችን ልትመዘግብ መጣች። ጋሽ ጎሹ ከሱቁ እየሮጠ ደረሰ።

«ተከራይ የለኝም። ይቺ የእህቴ ልጅ ናት።»

ሃሌሉያ የሀዲጃን ሂጃብ አየች፤ ቀጥላ የእሱን ማተብ አየች።

«እህቴ ሙስሊም አግብታ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

እህቱን ሀዲጃ ታውቃታለች። ባለፈው ፋሲካ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር፤ የቄስ ሚስት ናት። ይኸው ለኪራይ ግብር ሲል በአንድ አፍታ ከቄሱ አፋትቶ ዳራት።

«ኪራይ አትከፍልም ማለት ነው?»

«ከእህቴ ልጅ? ምን ዓይነት ሰው አደረግሽኝ?» ብሎ ተቆጣ ደግሞ። እሱ ማፈር ሲገባው ሀዲጃ አፈረችለት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ጎሹ እጥፍ የሚከፍል ሰው አገኘና «እስከ ዓርብ ልቀቂ» አላት። የመጨረሻ ፈተናዋ ሰኞ ይጀምራል። ለመነችው።

«ንግድ ነው፣ ልጄ» አላት።

ዓርብ ጠዋት ፍራሿን ጎትቶ ሲያወጣ ሀዲጃ በቀጥታ ገቢዎች ሄዳ ሃሌሉያን ይዛት መጣች።

«አጎቴ ከቤት እያስወጣኝ ነው» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

ሃሌሉያ ወደ እሱ ዞረች። «ተከራይ ከሆነች ይንገሩኝ፣ ጋሼ። ያልከፈሉትን ግብር እናሰላለን፤ መዝገብ ላይ ማድቤት ተብሎ የሰፈረውን ማከራየትዎንም ማዘጋጃ ቤት ይሰማል፤ ያፈርሰዋል። የእህትዎ ልጅ ከሆነች ግን ለፈተና የደረሰች ልጅ ሜዳ ላይ የሚጥል አጎት አላውቅም።»

ጋሽ ጎሹ ፍራሹን እንዳቀፈ ቆመ።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለ በመጨረሻ። ፍራሹን መልሶ አስገባ።

ወሩ ሲያልቅ ግን አላስቻለውም፤ ኪራዩን ሊጠይቅ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ሀዲጃ በግማሹ በር ብቅ አለች።

«አጎቴ፣» አለችው፣ «እናቴ ሰላም ትልዎታለች።»