ያላለቀ ፊደል

በሕልሜ በር ነበርኩ። ሰው እየመጣ ያንኳኳል፣ እኔ ዝም እላለሁ፤ ማንም አይቆጣም፣ ነፋሱም ቀስ ብሎ ያልፋል። ስነቃ ጉንጬ ክንዴ ላይ፣ ክርኔ ኪቦርዱ ላይ ነው። ከፊቴ ስክሪኑ ወለል ብሎ በርቷል። ስም በስም ላይ ተደርድሯል፤ መሐል ላይ «ይታየሽ፣ ጋዝጊብላ» ይላል።

ገና ያልነቃሁ መስሎኝ ዝም ብዬ አየሁት። ምክንያቱም ቆልፌው ነው የተኛሁት። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ምሳዬን እረሳለሁ፣ የሰው ስም እረሳለሁ፣ ያን ስክሪን መቆለፍ ግን አልረሳም።

ሥራዬ ሰቆጣ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ ሲታመምም የማክመው እኔው ነኝ፤ ኮሌጅ የተማርኩት እሱን ነበርና። ስሜ ደጅይጥኑ ይባላል። አባቴ ሰው ደጇን ይጥና ብለው ያወጡልኝ ስም ነው፤ ምኞታቸው ደረሰ፣ ይኸው ሕዝቡ ከጧት ጀምሮ በመስኮቴ ፊት ደጅ ይጠናል።

ያ ዝርዝር ግን ተራ የካርድ ዝርዝር አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ስም ነው። ይታየሽ በአገሯ በጋዝጊብላ ጤና ጣቢያ እያለ፣ ግማሹን በእግሯ ግማሹን በአይሱዙ ሰቆጣ ድረስ የምትመጣው የሚያውቃት እንዳያያት ብላ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአማቷ ጋር ትኖራለች፤ አማቷም የምታውቀው ጨጓራዋን እንደሚያማት ብቻ ነው። በተመዘገበች ቀን ስሟን ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ይኸን ስም ሌላ ሰው ያየ ቀን፣ እህቴ፣ እኔ አልመለስም» አለችኝ።

ማንም አያየውም አልኳት። ቃል ሰጠሁ።

ተነሥቼ ሕመምተኞች ተራ ወደሚጠብቁበት አግዳሚ ተመለከትኩ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ባዶ ነው። ጫፉ ላይ ግን ገና ያልደረቀ የበለስ ልጣጭ ተቀምጧል፤ ስተኛ አልነበረም። ዘበኛውን ጋሼ ብዙነህን ማን ገብቶ ነበር ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ እኔ ሰው ቆጣሪ ነኝ ወይ አሉኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ክርን አወጣው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ከሕልሙ ብዙም አልተለዩም። ስሞቹን ከማሽኑ ላይ አንሥቼ፣ ሁሉም ሲወጣ ስክሪኑን እቆልፍና እንደዚያ ቀን ክርኔን ኪቦርዱ ላይ ጥዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሕልሙ ሲመጣ በሩ ይከፈት እንደሆነ እጠብቃለሁ። ውጭ ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከጣሪያው ሥር አንድ ንብ ትመላለሳለች፤ እኔ የመንግሥት ሥራ እንዳላት ሴት ሳይሆን መድኃኒት እንደተደረገባት ሴት ተጋድሜያለሁ። አንዴ ሲስተር ማርታ፣ የክሊኒኩ ኃላፊ፣ እንዲያ ሆኜ አግኝታኝ አሞሻል ወይ አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ተገለጠልኝ። በሩ፣ ማለትም የስክሪኑ ቁልፍ፣ የሚወድቀው ኪቦርዱ በአማርኛ ሲሆን ብቻ ነው። በአማርኛ ስንጽፍ መጀመሪያ ተነባቢውን እንነካለን፤ ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቆምና አናባቢውን ይጠብቃል። ስ ብሎ ቆሞ ሳ ይሁን ሶ ይሁን ገና አያውቅም። ፊደሉ እንዲያ በእንጥልጥል ሳለ ስክሪኑ በራሱ ከጠፋ፣ የሚቆልፈው ፕሮግራም ለፊደሉ የያዘለትን ቦታ ባዶ መስሎት ይለቀዋል። ኋላ አንድ ቁልፍ ሲነካ ፊደሌ የት አለ ብሎ ወደዚያው ይመለሳል፣ ባዶ ይረግጣል፣ ይወድቃል። እሱ ሲወድቅ ስክሪኑ እንደተከፈተ ይቀራል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነገሩን ለአባቴ አጫወትኳቸው። መሪጌታ አሥራተ ማርያም ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ፊደል ግን ያውቃሉ። የማንንም ስም አላነሣሁባቸውም።

«ሳድስማ እንዲያ ነው» አሉ። «አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። የሚከተለውን ሳታይ አይፈረድበትም።»

ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ይህን የሚነግራቸው መሪጌታ አልነበራቸውም። በየአገሩ ተበትነው በነፃ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ያገኘሁትን ሁሉ ጻፍኩላቸው፤ ቀዳዳውን የሚደፍን አራት መስመር ኮድ፣ መጣፊያ፣ አብሬ ላክሁ። ፊደሉ ሳያልቅ ቦታውን አትልቀቅ፣ ነው የሚለው በአጭሩ።

በሁለተኛው ቀን መለሱልኝ። ልክ ነሽ፣ እናመሰግናለን፣ በዚህ ፕሮግራም የሚቆለፍ ብዙ ሺህ ማሽን አለ አሉኝ። መጣፊያው ለሁሉም እስኪደርስ ግን ቀዳዳው እንዴት እንደሚከፈት ለማንም አትናገሪ፤ ወሬው ከመጣፊያው ከቀደመ ሌባው ይቀድማል አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለታቸው ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እነሱ ዝም በይ ያሉኝ ስለ ኮድ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ይታየሽም ዝም እንድል የተፈቀደልኝ አድርጌ ወሰድኩት። አፈርኩ፣ ግን ወሰድኩት።

እስከዚያው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፣ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፣ ለሲስተር ማርታም ስም ሳይቆለፍ መታየቱን ነገርኳት። ለይታየሽ ልንገራት ወይ ብዬም ጠየቅኋት።

«ከነገርሻት ትሄዳለች» አለችኝ። «መድኃኒቱን ትታ ከሄደች ደግሞ ትሞታለች። አንቺው እወቂ።»

አሥራ ስምንት ቀን ጠበቅሁ። ሌሊት ሌሊት ያው ሕልም ይመጣል፤ በር ነኝ፣ አሁን ግን መዝጊያ የለኝም፣ የሚያልፈው ሁሉ ዘወር ብሎ ያየኛል። ቀን ቀን ደግሞ መንገድ ላይ በለስ የሚልጥ ሰው ባየሁ ቁጥር እጁን ትቼ ዓይኑን አያለሁ።

መጣፊያው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ እየመጣ እየሄደ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አወረደው። ጭኜ ስጨርስ ኪቦርዱን በአማርኛ አደረግሁ፣ ቆለፍኩ፣ አንድ ፊደል ጀምሬ ተውኩት። ስክሪኑ ጠፋ። ነካሁት። ፊደሉ እዚያው ጥግ ላይ ሳድስ ሆኖ ቆሟል፤ በሩም ፓስዎርድ አምጪ አለኝ። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፣ ሃያውንም ጊዜ አልከፍትም አለኝ። አለቀስኩ፤ ለአራት መስመር ጽሑፍ የሚለቀስ ከሆነ።

ከሁለት ቀን በኋላ የይታየሽ ቀጠሮ ነበር። ሰበቤ አልቋል። መጣች፣ ነጠላዋን እንደ ወትሮው እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፣ እግሯ አቧራ ለብሷል። ውስጥ አስገብቼ መድኃኒቷን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላትና መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚያ ነገርኳት። እንደተኛሁ፣ ስሟ እንደታየ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንደማላውቅ፣ ማን እንደነበረም እንደማላውቅ፤ አሁን መጠገኑን፣ የጠገንኩትም እኔ መሆኔን። የመጨረሻውን ባልናገረው ይሻል ነበር።

አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ለራሷ አንድ ነገር አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጠባብቃ ተነሣች፣ መድኃኒቱን እዚያው ትታ ወደ በሩ ሄደች። ልጠራት ፈለግሁ። ምን ብዬ ነው የምጠራት? ቃሌን ያፈረስኩት እኔ፣ ቃሏን የምትፈጽመው እሷ ናት።

እጀታውን እንደያዘች ቆመች።

«ስሜ ብቻውን ነበር?»

«አይደለም» አልኳት። «ገጹ ሙሉ ነበር።»

«ከእኛም አገር አለ?»

«እሱን አልነግርሽም። አንቺንም ለማንም እንደማልነግር።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አልተቆጣችም። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን መንገድ ስመላለስ በዚህ ደጋ ላይ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር አለች፤ ገበያ ስገባ፣ ለቅሶ ስቀመጥ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል እኔ ብቻ። ቀስ ብላ ዞረች። ነጠላው ከፊቷ ወርዷል፤ ሙሉ ፊቷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ስንት ነን?» አለችኝ።

ቁጥር የማንም ስም አይደለም ብዬ አስቤ፣ ስንት እንደሆኑ ነገርኳት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቁጥሩን ደገመችው። ከዚያ ተመልሳ መጥታ መድኃኒቷን አነሣችና የሚቀጥለው ቀጠሮዬ መቼ ነው አለች።