የአይሸጤ ኢንሹራንስ

ሮይስተን የእህቴ ባል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስድቡ ሳይቀድመኝ ነው። እህቴ ዶሪን ምን ታይቷት እንዳገባችው ዛሬም አልገባኝም። ከኮረብታችን ግርጌ ያገለገሉ ሞተር ብስክሌቶች የሚሸጥበት ግቢ አለው። እሁድ ምሳ አንድ ጊዜ እኛ ቤት፣ አንድ ጊዜ እነሱ ቤት መብላት ከእናቴ የወረስነው ልማድ ነው፤ እናም ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ጥብሴን እየበላ፣ ከጥብሱ ጋር የሚቀርበውን የዱቄት ፑዲንግ በመረቄ እያጠቀሰ፣ ዓይኑን ግን በኩሽናዬ መስኮት አሻግሮ የባሌ ጋራዥ ላይ ተክሎ ኖሯል።

ምን እንደሚያይ አውቅ ነበር። ባሌ ዊልፍ ጡረታ እስኪወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ስድስት ሞተር ብስክሌቶች አሉት። ገዝቶ ያውቃል፤ ከዝገት አውጥቶ ነፍስ ዘርቶባቸው ያውቃል፤ ሸጦ ግን አያውቅም። በከተማችን በሆልምፈርዝ ዙሪያ ያሉ ሞተረኞች ስሙን ትተው “አይሸጤ” ይሉታል። ከስድስቱ አንዷ ከአባቱ የወረሳት፣ ጎኗ ላይ የሰው መቀመጫ የተገጠመላት ጥቁር ሞተር ናት። ለሠርጌ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት በዚያች መቀመጫ ተቀምጬ፣ ነፋሱ ቬሎዬን እንዳይወስደው በሁለት እጄ ጨምድጄ ነው። ልጃችንንም ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣናት በእሷ ነው። ሮይስተን የሚቋምጠው ለእሷ ነበር።

“ዊልፍ፣ ዋጋ ጥራ” ይለዋል በየገናው።

“አትሸጥም” ይለዋል ዊልፍ፣ ቀና ሳይል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት መጋቢት፣ እንደ ልማዳችን ምሳ ላይ ነው። ዊልፍ ለእያንዳንዷ ሞተር ለየብቻ ኢንሹራንስ ይገባል፤ የአንዷ ውል ሲያልቅ የሌላዋ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ሲያጉረመርም ነው። ሮይስተን ሹካውን አስቀመጠና አፉን ጠረገ።

“ስድስት ሞተር፣ ስድስት ውል፣ ስድስት ራስ ምታት! አንተ ሰውዬ ምን ነክቶሃል? እንደኔ የነጋዴ ኢንሹራንስ ግባና ተገላገል። አንድ ውል ብቻ። ጠዋት በቀይዋ ሂድ፣ ከሰዓት በአረንጓዴዋ ተመለስ፤ ማንም አይጠይቅህም።”

“እኔ ነጋዴ አይደለሁም” አለ ዊልፍ።

“ሞተር ትገዛለህ?”

“እገዛለሁ።”

“ትጠግናለህ?”

“ሌላ ምን ሥራ አለኝ?”

“ታዲያ ነጋዴ ለመሆን ምን ቀረህ?”

“መሸጥ ነዋ!” አልኩት እኔ፣ ድንቹን እያቀረብኩ።

“አንቺ ደግሞ ነገር ስትወጂ! አንድ ቀን ሊሸጥ ይችል የለ? ጋራዥ ድረስ መጥቶ የሚቆጥረው ማን ነው?”

ዊልፍ ሞተር ያውቃል እንጂ ሰው አያውቅም። በማግስቱ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ስልክ ደወለ። ያነሳችው ሴት “ሞተር ገዝተው ይሸጣሉ?” ብላ ስትጠይቀው ወደ ግድግዳው ዞረ። “እ... አዎ” አለ። ዋሽቶ ስለማያውቅ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ።

ሰኔ ላይ፣ ከሰፈራችን ግድብ በላይ ያለው ኩርባ ዘንቦበት ነበርና ቀይዋ ሞተር ዊልፍን አዳለጠችው። መንገድ ዳር የቆመ የአይብ ሻጭ ቫን ጎን ውስጥ ገባ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ፤ ሞተሯ ዳግም ሞተር አትሆንም። ነፍሱ ስለተረፈች አምላኬን አመሰገንኩ፤ ሆስፒታል ስደርስ ግን ሮይስተን ቀድሞኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

“መርማሪ ይልካሉ” ይለዋል። “የሸጥከውን አሳየን ይሉሃል። ምን ልታሳይ ነው?”

የዊልፍ ፊት እንደ ተኛበት አንሶላ ነጣ። “እንዲህ አላልከኝም ነበርኮ።”

“አይዞህ፤ መላ አለው። ጥቁሯን ለኔ ሽጥልኝ። ለይስሙላ ነው። ጥቂት ገንዘብ እሰጥሃለሁ፣ ትፈርምልኛለህ፣ በቃ ሸጠሃል ማለት ነው። ነገሩ ሲያልፍ ራሴ መልሼ አመጣታለሁ።”

“ለምን ጥቁሯ?” አልኩት። “ሌሎቹ ምን ሆኑ?”

“ሌሎቹ ዋጋ አላቸው ብሎ ማን ያምናል ማቪስ? አሳማኝ መሆን አለበት።”

“አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!”

ዊልፍ ግን በሕመም ማስታገሻ ደንዝዞ፣ በፍርሃት ተይዞ ነበር። ፈረመለት። በማግስቱ ሮይስተን ተጎታቹን ይዞ መጣ። ድመታችን መቀመጫው ላይ ተኝታ ነበር፤ አንገቷን ይዞ ወረወራት።

መርማሪው ጨዋ ልጅ ነበር። ሻዬን ጠጣ፣ ዊልፍን እግሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቀው፣ ስለ ሽያጩ የነገረውንም ሰማና አመስግኖ ወጣ። ተነፈስን። ለካ ከእኛ ዘንድ ወጥቶ የሄደው ግድቡ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ነው፤ ሞተረኛ ሁሉ እሁድ እሁድ የሚሰበሰብበት።

ይህን የነገረኝ ሲረል ነው፤ የዊልፍ የልጅነት ጓደኛ። ደስታው ፊቱ ላይ እየፈሰሰ በሬን አንኳኳ።

“ማቪስ፣ ስለ ዊልፍ ያልነገርነው ደግ ነገር የለም! ሁላችንም ቆመን መሰከርንለት!”

“ምን ብላችሁ?”

“አይሸጤን ነው የምትጠይቀን? አልነው። ያ ሰው ሐቀኛ ነው፤ ሚሊዮን ብትቆልልለት በሕይወቱ አንዲት ብሎን ሸጦ አያውቅም አልነው! ልጁ እየሳቀ ጻፈው።”

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፊቱን አየሁት፤ እንደ ተመሰገነ ተማሪ ቆሟል። ሲረል ምን አጠፋ? እውነቱን ነው የተናገረው። በዚያ ሁሉ ጉድ ውስጥ እውነት የተናገሩት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ የቀበሩንም እነሱ ናቸው።

ውሉ ተሰረዘ። የአይብ ሻጩ ቫን በእኛ ኪስ ሊሠራ ሆነ። ድርጅቱ ዘንድ ደውዬ ጮህኩባቸው፤ ያነሳችው ሴት እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለች፤ “የነጋዴው ውል ለሚነግድ ሰው ነው። ሞተር መብዛቱ ብቻ ነጋዴ አያሰኝም። ብዙ ሞተር ኖሯቸው ለደስታቸው ብቻ ለሚነዱ ደግሞ ሌላ አለን፤ ሁሉንም ባንድ ላይ የሚይዝ። ለባለቤትዎ የሚሆነው እሱ ነበር። ያማከራችሁ ሰው አልነገራችሁም?”

“ያማከረን ሰው ነጋዴ ነው” አልኳትና ዘጋሁት።

እንዲህ የሚባል ውል ነበረ! ሮይስተን በዚህ ንግድ ውስጥ ነው ያረጀው፤ አያውቀውም ማለት ነው? አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ። ደወልኩለት።

“ጥቁሯን መልስ።”

“አሁን ብመልሳት ሽያጩ የውሸት ነበር ማለት ነው” አለኝ፣ ድምፁን እንደ ቄስ አለስልሶ። “ባልሽን አጭበርባሪ ብለው ይከሱታል። እኔ እየጠበቅኩት ነው ማቪስ። አመስግኚኝ እንጂ።”

እንዴት እንዳልፈነዳሁ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ በሮይስተን ግቢ ፊት አለፈ። ጥቁሯ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ከፊት ቆማለች። መሪዋ ላይ ዋጋ ተንጠልጥሏል።

ቤት ገባሁ። የሠርግና የቀብር ባርኔጣዬን አደረግሁ። ተመልሼ ኮረብታውን ወረድኩና ማንንም ሳላናግር የጥቁሯ የጎን መቀመጫ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወገቤ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ሰፍቷልና ገብቼ ስቀመጥ ተሰነቀርኩ፤ ብፈልግም መውጣት አልችልም ነበር።

“ማቪስ፣ ውጪ! ደንበኛ አለኝ!”

“ደንበኛህ ይምጣ። የማን እንደሆነች እነግረዋለሁ።”

ነገርኳቸውም። የመጣውን ሁሉ። አንድ ከሊድስ የመጣ ሰውዬ ዋጋውን ለማንበብ ጎንበስ ሲል “ይህ የተሰረቀ ትዳር ነው፤ ትገዛለህ?” አልኩት፤ ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። ሮይስተን ላብ አጠመቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተር ሊያዩ የሚመጡት ሲረልና ጓደኞቹ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ዶሪን ከቢሮው ወጣች፣ አየችኝ፣ ባሏን አየችው፣ መኪናዋን አስነሳችና ዊልፍን ይዛው መጣች።

ዊልፍ በክራንች እየተንፏቀቀ አጠገቤ ቆመ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ሲቆጣ ማየት ምን ያህል እንደናፈቀኝ!

“ፈርሜያለሁ ማቪስ” አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሮይስተን ዞረ። “የሰጠኸኝን ገንዘብ ያውልህ።”

“ዋጋው አሁን ያ የተንጠለጠለው ነው ዊልፍ። ንግድ ነው።”

ዊልፍ የተንጠለጠለውን አነበበ።

“አረንጓዴዋንና ሰማያዊዋን ውሰድ” አለ።

አረንጓዴዋን ከዶሮ ቤት ውስጥ በጆንያ ለቃቅሞ ነው የሠራት። ሰማያዊዋ ላይ ያሳለፈው ክረምት ስንት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ አልጋዬ ነበር የሚቀዘቅዘው። “ዊልፍ!” አልኩ፤ አልሰማኝም። ሮይስተን እጁን ጨበጠው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው።

“ይኸውልህ! ዛሬ ገና ነጋዴ ሆንክ!”

ብቻውን ሳቀ።

ጥቁሯ ኢንሹራንስ አልነበራትምና አላስነሳናትም። ዊልፍ ኮርቻው ላይ ወጣ፤ በጄሶ የታሰረ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ መሪውን ያዘ። እኔ እዚያው ነኝ። ሲረልና ጓደኞቹ ከኋላ ሆነው ኮረብታውን ሙሉ ገፉን። ሲረል ሲያለቅስ ነበር፤ ወይም ያልበዋል። ሮይስተን በተጎታቹ ቀድሞን ወስዷቸው ነበር፤ ጋራዡ ሲከፈት አረንጓዴዋና ሰማያዊዋ በነበሩበት ቦታ ወለሉ ላይ የዘይት እድፍ ብቻ ጠበቀን።

በማግስቱ እሁድ ነው፤ ተራው የእኛ ነበር። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። መጣ! ከዶሪን ጋር ገባ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሹካና ቢላውን አነሳ።

ለዊልፍ ከጥብሱ ቆረጥኩለት። ለዶሪን ቆረጥኩላት። ለራሴ ቆረጥኩ። ሥጋውን ከፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

“የኔስ?” አለ ሮይስተን።

“ዋጋ ጥራ” አልኩት።

ሳቀ። ማን እንደሚያግዘው ዘወር ዘወር ብሎ አየ። ዶሪን ፑዲንጓን ቆረጠች።

“ማቪስ፣ ቀልዱን ተይው። ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።”

“ንግድ ነው ሮይስተን። ዋጋ ጥራ።”

ፊቱ ቀላ። ቦርሳውን ከኪሱ አወጣ፣ አንድ ኖት መዘዘ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ዊልፍ ቢላውን አስቀመጠ። ኖቱን በአንድ ጣቱ ወደ ሮይስተን መልሶ ገፋው።

“አይሸጥም” አለ።