ግዝቱ የተነሳ ዕለት

ወይዘሮ ፈንታነሽ የልጅ ልጃቸውን ሕይወትን ጠዋት ከቤት ስትወጣ ደጃፍ ላይ ገዘቷት። «ያን ጥቁር መስኮት እንዳትነኪ። በኢየሱስ ገዝቼሻለሁ!»

ጥቁር መስኮት የሚሉት ሕይወት በምትሠራበት ኮሌጅ ስዊቹ የሚታዘዝበትን ገጽ ነው። ስዊች ማለት የግቢው ኮምፒውተር ሁሉ ገመድ የሚሰካበት ሣጥን ነው። ገጹ ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ምልክት የለው፤ ትእዛዙ በፊደል ብቻ ነው። ከእሷ በፊት የነበረው ፈንታሁን አንዲት መስመር አሳስቶ ጽፎ፣ ኮሌጁን በሙሉ ከመስመር አውጥቶ ተባሯል። አሁን ይፋግ ገበያ ድንች ይመዝናል። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው አቶ ማሩ «በማውዝ ብቻ!» ብለው ደንግገዋል።

ወይዘሮ ፈንታነሽ በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ የገፉ ናቸው፤ ፊደል አይፈሩም። የሚፈሩት ልጅቷ ከእንጀራዋ እንዳትፈናቀል ነው። ዛሬ የፈተና ቀን ነው ሲባል ምሳ ሰበብ አድርገው ኮሌጅ ድረስ ወጡ።

ሲደርሱ ከእብናት ድረስ የመጡ ተፈታኞች በር ላይ ታጭቀው ያጉረመርማሉ። የፈተናው ክፍል እስከ ትናንት ቤተ መጻሕፍት ነበርና ስዊቹ ኮምፒውተሮቹን ወደ ፈተናው መስመር አላሻገራቸውም። ሕይወት በማውዝ አንድ በአንድ ትነካለች፣ ገጹ እስኪመለስ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትነካለች።

«ምነው፣ ባንዴ አይሆንም?»

«ይሆናል እንጂ እማማ። በጥቁሩ አንድ መስመር ነው፤ ‹ከዚህ እስከዚያ ያላችሁ ተሻገሩ› ማለት። ግን ገዝተውኛል።»

አቶ ማሩ ከች አሉ። «እስካሁን? ፈተናው ከተስተጓጎለ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ!»

«በማውዝ አይደርስም። ጥቁሩን ይፍቀዱልኝ።»

«ንኪውና ከፈንታሁን ጎን ድንች ትመዝኛለሽ!» ብለው ሳቁ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሳቁ ከነከናቸው። ብትነካ መባረር፤ ባትነካም መባረር። ታዲያ ፍርሃቴ ለልጄ ምን አተረፈላት? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሱ።

«ሕይወት! ያሰርኩሽ እኔ፣ የፈታሁሽም እኔ። ግዝቱን አንስቻለሁ። ጻፊ!»

«እማማ፣ አንቱ በዚህ አይግቡ!» አሉ አቶ ማሩ።

«ገባሁ እኮ!»

ሕይወት ጥቁሩን ከፈተች። «መጀመሪያ መመለሻዬን ላብጅ» አለች። «ካልሰረዝኩት ሣጥኑ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሲነሳ ያላስቀመጥኩትን ይረሳል። ብሳሳት እንኳ የቀድሞው ይመለሳል።»

«ፈንታሁን ይህን ቢያውቅ!» አሉ አያቷ።

ጣቶቿ ሮጡ። የቃሉን መጀመሪያ ጽፋ አንዲት ቁልፍ ስትነካ ሣጥኑ ቀሪውን ይሞላላታል፤ ልክ ቄሱ ሲጀምሩ ሕዝቡ እንደሚቀበለው የቅዳሴ ተሰጥኦ። የጠፋት ቃል ሲኖር የጥያቄ ምልክት ትመታለች፤ ይነግራታል። የጻፈችውን ድጋሚ ስትሻው ወደ ላይ የምታመለክተዋን ቀስት ትጫናለች፤ ይመጣል።

«አቁሚ! ተባረሻል!» ጮኹ አቶ ማሩ።

«ከተባረርኩማ እንግዲህ አይከለክሉኝም» አለችና መስመሯን ጨርሳ አስገባችው።

ተፈታኞቹ ወደ ክፍሉ ተግተልትለው ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ «ገባ! ገባልኝ!» የሚል ጩኸት ፈነዳ። ሕይወት መመለሻውን ሰረዘች፣ የሠራችውንም አስቀመጠች።

አቶ ማሩ ወደ በሩ ዞሩ። «ተማሪው ይፈተን። ያንቺን ጉዳይ ነገ እናየዋለን።»

«ነገ እኔም አለሁ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «ንኪ ያልኳት እኔ ነኝ። የሚባረር ካለ ከእኔ ጀምር፤ እኔን ለማባረር ግን መጀመሪያ ትቀጥረኛለህ!»