የቀዳም ሹር ዳጣ

ፅጌረዳ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም። አክፍሎት ይዛለች፤ የፋሲካ ቅዳሴ ሳያልቅ አፏ ምንም አይገባም። ያም ሆኖ በቀዳም ሹር ጠዋት መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ፣ ከጋሼ ሀይሉ ልኳንዳ ጓሮ፣ ወፍጮው ፊት ተንበርክካ ዳጣ ትፈጫለች። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የናፈቀው ሰው ሁሉ ነገ ጥብሱን የሚያጠቅሰው በዚህ ዳጣ ነው።

ዳጣ ቃሪያ መደቆስ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ይምሰለው! መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በመጁ ይልማል፤ ከዚያ ቃሪያው ይገባል። እርጥቡ በሶብላና የጤና አዳሙ ቅጠል ወደ ኋላ ነው፤ ቀድመው ከገቡ ይጠቁራሉ። ፅጌረዳ የሁሉንም ልክ የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ጨዉን ብቻ በእፍኟ ትመጥናለች።

ጋሼ ሀይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ።

«ቀምሰሽዋል?»

«አክፍያለሁ እኮ ጋሼ።»

«እኔስ አላከፈልሁም? ከሐሙስ ጀምሮ በባዶ ሆዴ አይደል የምዞረው? አንች ግን ሥራሽ ነው፤ ለሥራ ቢቀመስ እግዜር አይቆጣም። አልቀምስም ካልሽ ውጭልኝ።»

ፅጌረዳ ንድድ አላት። ሦስት ዓመት ስትፈጭ ዳጣ ጨምሩልን ያለ እንጂ ጎደለው ያለ ሰው የለም። ከዚህ ከወጣች የሚቀጥራት ሌላ ቤት እንደሌለም ታውቃለች።

«አልቀምስም» አለች። «ማባረሩ የእርስዎ ፈንታ ነው። እኔ ጾሜን ለቃሪያ ብዬ አልገድፍም።»

እሳቸው እያጉረመረሙ ገቡ። እሷም ፈጭታ ጨረሰችና ዳጣውን ገበቴ ላይ ገልብጣ፣ እጇን ልትታጠብ ወደ ውኃው ሄደች። ስትመለስ ጋሼ ሀይሉ ገበቴው አጠገብ ቆመዋል። ቄጤማ ሊያድሉ የመጡትን ቄስ ቀለመ ወርቅን ወደ ጓሮ እየጠሩ ነው።

«ይመስክሩልኝ አባ! ቅመሽ ብላት እምቢ አለች። ይኸው ጨው የሌለው ዳጣ! ጤና አዳሙም በዝቶ መሯል። ዛሬውኑ ትሂድልኝ!»

ፅጌረዳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ጨው እንደሌለው በምን አወቁ ጋሼ?»

«ይሸታላ!»

«ጨው?»

ቄጤማውን በጋሼ ሀይሉ ራስ ላይ ሊያስሩ የተዘረጋው የአባ እጅ ባለበት ቀረ።

«እውነትዎን ነው» አለች ፅጌረዳ። «ጨዉን ገና አልጨመርሁበትም። ይህን የማውቀው ግን እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ካለ የቀመሰው ሰው ነው።»

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። አባ ቀለመ ወርቅ የዘረጉትን ቄጤማ መልሰው ሰበሰቡ። የጋሼ ሀይሉ ፊት የበሰለ ቃሪያ መሰለ።

ፅጌረዳ አንድ እፍኝ ጨው በተነች፤ አማሰለች። ገበቴውን ብድግ አድርጋ አፍንጫቸው ሥር አቀረበችው።

«ከገደፉ አይቀር ይቅመሱልኝ። አሁንስ በቃው?»

ጋሼ ሀይሉ አባን አዩ፤ ዳጣውን አዩ።

«በቅቶታል፣ በቅቶታል» አሉ። «ነገ ማልደሽ ነይ።»

«ሳይቀምሱት?» አለች ፅጌረዳ።